የጋቢናው ወንበር

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከራሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ እሷም ካረፈች ቆየች። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ግን የሚያንጠባጥብ ነገር ሲያይ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ደመኛ ነው የሚነሳበት። ሰው ቤት ተጋብዞ ከወጥ ቤት በኩል ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማ ሻዩን አስቀምጦ፣ «እስቲ ይቺን ዝም ላሰኛት» ይልና ከኪሱ መፍቻ ያወጣል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄዶ የሟቹን መታጠቢያ ቤት ጠግኖ ተመልሷል። ባለቤቱ የያኔው ኀፍረት እስከዛሬ አልወጣላትም። እሱ ግን፣ «ነፍሳቸውን ይማር፤ ቆጣሪያቸው እኮ በከንቱ ሲቆጥር ነበር» ነው ያለው።

ጡረታ ሲወጣ ባለቤቱ ተስፋ አድርጋ ነበር። ከእንግዲህ እሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ ብላ። የዋህ ናት! ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል እንጂ ከጠባዩ መች ይወጣል? ጠብታ የከተማውን ቧንቧ ለሌሎች አስረክቦ ቤቱ በገባ በሳምንቱ፣ በዚህ ዓለም ከሚያንጠባጥቡ ነገሮች ሁሉ ዋናዋ ደጁ ላይ ቆማ እንደኖረች ደረሰበት። መኪናቸው ናት።

ትንሽ፣ ጀርባዋ ክብ፣ ቀለሟ ሰማያዊ የሆነች መኪና ናት። በተጋቡ ዓመት ካንድ ሽማግሌ ሐኪም ሲገዟት እንኳ አሮጌ ነበረች። ልጆቻቸው ሊወለዱ ሲሉ ሆስፒታል የደረሱት በእሷ ነው፤ ትምህርት ቤት የተመላለሱት በእሷ ነው፤ አድገው ሻንጣቸውን ጭነው ከቤት የወጡትም በእሷ ነው። ዕድሜ ሲጫናት ታዲያ ቤንዚን መጠጣት አበዛች። ሌላው ሰው «አሮጊት ናት፣ ምን ይደረግ» ብሎ ያልፈው ነበር። ጠብታ ግን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው የተከፈተ ቧንቧ ነው።

በከተማው የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበር አለ። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ውድድር ያዘጋጃል፤ የፍጥነት ሳይሆን የቁጠባ። የእያንዳንዱ መኪና ታንከር ይዘጋና አንድ ሊትር ቤንዚን በጠርሙስ ሆኖ ከሞተሩ ጋር ይያያዛል። ከኮረብታው ማደያ ተነስተው፣ በዚያች ጠርሙስ ብቻ ከሁሉም ርቆ የሄደ ያሸንፋል። ሽልማቱ አንዲት የመዳብ ዋንጫ ናት። ዋንጫዋ በየዓመቱ ከአሸናፊ ወደ አሸናፊ ትዞራለች ቢባልም፣ እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ ስንት ዓመት ዞራ ዞራ የምትገባው ሰዓት ሠሪው መስኮት ውስጥ ነው። ሰዓት ሠሪው ጠብታን ባየ ቁጥር ከሱቁ ብቅ ይልና፣ «ጠብታ፣ ዘንድሮስ?» ይለዋል። በሰላምታ መልክ ነው የሚላት፤ የጠብታ ጨጓራ ግን ሰላምታ መሆኗን አምኖ አያውቅም።

እንግዲህ ጠብታ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋ ላይ ዘመተባት። ካርቡራተሩን እንደ ሰዓት ፈታትቶ ገጠመው። የጎማዎቹን ኩሽኔታ ራሱ በመረጠው ግራሶ ለወሰ፤ ጎማዎቹን ድንጋይ እስኪመስሉ ነፋቸው። ቀጥሎ ወደ ክብደት መጣ። መጀመሪያ ስኮርታው ጎማ ወረደ፣ ከዚያ ክሪኩና የመፍቻው ሳጥን፣ ከዚያ ሬዲዮኑ፣ ከዚያ የኋላው መቀመጫ። ባለቤቱ ጎማ ቢፈነዳስ ስትለው፣ «በቀስታ የሚሄድ ሰው ጎማ አይፈነዳበትም» አለ። የመስኮቶቹን መስተዋት አውጥቶ በወፍራም ፕላስቲክ ተካና ዙሪያውን በብሎን ጠረቀመው። ክላክሱን ነቅሎ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ጡሩምባ የሚያስፈልገው ለሚቸኩል ነው ብሎ። የበሩን እጀታ በሲባጎ ለወጠ። የእጅ ፍሬኑንም ከነሽቦው መንግሎ አወጣና ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው።

«መኪናዋ ቁልቁል ብትሄድስ?» አለች ባለቤቱ።

«ጎማዋ ሥር ድንጋይ እናደርጋለን።»

«ድንጋዩ ከእጅ ፍሬኑ አይከብድም?»

«ይከብዳል። ድንጋዩ ግን ደጅ ይቀራል፤ አብሮን አይሄድም» አላት፤ ደግሞ እኮ ኮራ ብሎ ነው።

የእግር ፍሬኑን ነገር ለማንም አልተናገረም። ጎማውን ከመሬት አንስቶ በእጁ ሲያሽከረክረው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማ፤ የፍሬኑ ሸራ ሳይረገጥም ቢሆን ጎማውን በስሱ ይልሰዋል ማለት ነው። ያቺ ሽሽታ ለጠብታ ጆሮ የቧንቧ ጠብታ ናት። አራቱንም ጎማ እየዞረ ሸራውን አላላው፤ አሁንም አላላው፤ ጎማው አንዴ ሲገፋ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስል በዝምታ መዞር እስኪጀምር ድረስ። መጀመሪያውንስ ፍሬን ለምኑ ነው? ፍሬን መርገጥ ማለት የተገዛ ቤንዚን አስፋልት ላይ መድፋት ነው። እሱ እንደሆነ ፍሬን መርገጥ ከተወ ቆይቷል። ቀይ መብራት ከሩቅ ካየ እግሩን ከነዳጁ ያነሳና አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ ማርሹን ነፃ አድርጎ በፎሌ እየተንከባለለ ይደርሳል። ባለቤቱን ከገበያ ሲወስድም አይቆምም፤ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ይላል፣ እሷ ዘንቢሏን አስቀድማ ወርውራ ዘላ ትገባለች። ሰፈርተኛው ይህን ለማየት ወንበር አውጥቶ ይቀመጥ ነበር። እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም፤ ሰውዋን ታውቀዋለች።

የወንበሩ ነገር ግን ሌላ ነው።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የጋቢናውን ወንበር በተጋቡ ዓመት በጥቁር ቀይ ጨርቅ ያለበሰችው ራሷ ናት፤ ጫፉ በተተለተለ ቁጥርም እየጠቀመች አኑራዋለች። ልጆቿን እዚያ ላይ ተቀምጣ አጥብታለች፣ አባቷ የሞቱ ዕለት እዚያ ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች፣ ከባሏ ጋር ስትኳረፍም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እዚያው ላይ ነው የምትቀመጠው። አንድ ጠዋት ክር ልትገዛ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣችና በሩን ስትከፍት ወንበሩ የለም። በቦታው የሚታጠፍ የሸራ በርጩማ ቆሟል። ወንበሩ ጋራዡ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፤ እንደተቀጣ ተማሪ።

«ምን ሆኖ ነው የወጣው?» አለችው።

«ይከብዳላ።»

«እኔስ?»

እዚህ ላይ ማንም ዕድሜ ያለው ባል መልሱን ያውቃል። ጠብታ ግን ጣቶቹን ሱሪው ላይ ያንቀሳቅስ ጀመር። እየደመረ ነው። ቀና ሲልም፣ «አንቺማ በወንበሩ ላይ የምትደመሪ ነሽ» አለ።

ባለቤቱ የመኪናዋን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ክሩን በእግሯ ሄዳ ገዛች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የማኅበሩ ደንብ እያንዳንዱ መኪና ከሾፌሩ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲጭን ያዛል። ሊቀመንበሩ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ «ሰው የማይጭን መኪና ቆርቆሮ ነው» ብለው ነው ያስወሰኑት። ስለዚህ ጠብታ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ተውሶ መጣና ለጤናችሁ ነው እያለ ቤተሰቡን መመዘን ጀመረ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወጥቶ ወረደ። በመጨረሻ ከጓሮ ክፍል የሚኖሩት አማቱ ቆሙበት፤ የሚዛኑ መርፌ ተንቀጠቀጠች እንጂ ይህ ነው የሚባል ቦታ አልሄደችም። ጠብታ የቆየ ሀብት ያገኘ መሰለው።

«እማማ፣ እሑድ ትንሽ እንንሸራሸር?» አላቸው።

አማት ከአማች አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ! ዞሮ ዞሮ የሚያስታውሰኝ ሰው ተገኘ!» ብለው መረቁት። ሴት ልጃቸው ስትደርስ እናቷ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ፣ እንባ አቅርረው ሲመርቁ አገኘቻቸው። ነገሩ ወዲያው ገባት። ቅናት አይደለም፤ በእናቷ ምን ብላ ትቀናለች? ሆዷን የባሰው ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከዚህ ሰው ጎን ስትቀመጥ አብራው የምትሄድ ይመስላት ነበር፤ ለካስ ጭነት ኖራለች።

የዚያኑ ዕለት ወንበሩን ከጋራዥ አውጥታ ከስፌት መኪናዋ ፊት አስቀመጠችውና እሱ ላይ ተቀምጣ መስፋት ጀመረች። ወንበሩ የታሰረባቸውን አራት ብሎኖች ጠብታ ከጣለባት የቆርቆሮ ጣሳ ለቅማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከባሏ ጋር መነጋገሩን አልተወችም፤ «ምሳ ቀርቧል»፣ «በሩን ዝጋው» ትላለች። ከዚህ የባሰ ኩርፊያ ደግሞ የለም።

በውድድሩ ዋዜማ ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ነገ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት፣ የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ወንበሬን አውጥቼ እቀመጣለሁ» አለች። «ስትመጣ ታየኛለህ። ቆመህ ከጫንከኝ ጫንከኝ። ካለፍከኝ ግን፣ ከዚያ ወዲያ በዚያች መኪናም ሆነ በሌላ፣ ካንተ ጋር የትም አልሄድም።»

«ኧረ አንቺ ሴት! መሀል ውድድር ላይ?»

«መሀል ውድድር ላይ።»

«ፍሬን ልያዝ?» አለ፤ መርዝ ጠጣ የተባለ ነው የሚመስለው።

«ፍሬን ያዝ።»

አማት ከዳር ሆነው፣ «የነገው ሽርሽር ላይ ብስኩት ልያዝ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጠብታ የብስኩቱን ክብደት ገምቶ፣ «እዚሁ በልተው ይምጡ እማማ» አላቸው።

በማግስቱ መኪኖቹ ማደያው ጋ ተሰለፉ። ሰዓት ሠሪው ከሲታ ወንድሙን ጭኖ መጥቷል፤ የጠብታን ጋቢና አጎንብሶ ሲያይና አማትን በርጩማቸው ላይ ሲያገኛቸው ፈገግታው ትንሽ ደበዘዘ። ሊቀመንበሩ ጠርሙሶቹን ሞሉ፣ ባንዲራ አወረዱ፣ ተነሱ። ጠብታ ሞተሩን ያስነሳል፣ መኪናዋን ትንሽ ያስፈነጥራታል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ በፎሌ ይንከባለላል፤ ልትቆም ስትል እንደገና ያስነሳል። ሌሎቹ እያለፉት ሄዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ዝም አላቸው። እውነትም ብዙ ሳይቆይ አንድ ባንድ መንገድ ዳር ቆመው፣ ባዶ ጠርሙሳቸውን እያዩ ያገኛቸው ጀመር።

አማት ግን አንድም ጊዜ ዝም አላሉም። ስለ ዛፉ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው መጡ።

«ስትወለድ እንዴት ያለች ድብልብል ነበረች መሰለህ! አዋላጇ አንስታት፣ ‘ይቺስ ትከብዳለች’ አለች። አባቷ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‘እሰይ፣ ነፋስ አይወስዳትማ!’»

«ጥሩ ብለዋል» አለ ጠብታ፤ ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሽቶ ስትቀባ አየኋት። ያቺን ለሠርግ ብቻ የምታወጣትን። መንገድ ዳር ለመቀመጥ ሽቶ ምን ያደርጋል አልኳት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።»

ጠብታ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ከጠርሙሱ አነሳ። ሽቶዋን ያውቃታል። የገዛላት እሱ ነው፤ በጠብታ በጠብታ ስትጠቀምባት ስንት ዓመት አቆይታታለች። እንዲህ ያለች ቆጣቢ ሴት አግብቶ ነው እንግዲህ ቁጠባን ከወንበር የጀመረው።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ጠርሙሱ የመጨረሻዋን ጠብታ ሰጥቶ ደረቀ። ከዚህ በኋላ ያለው መንከባለል ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ መንገዱ እንደ መዳፍ ይታያል፤ ቁልቁለቱ፣ መታጠፊያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያም ረጅሙ ሜዳ። ሜዳው ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የሰዓት ሠሪው መኪና ቆማለች። አልቆላታል። መታጠፊያው ላይ ደግሞ አንዲት ጥቁር ቀይ ነጥብ አለች።

ነገሩ ግልጽ ነው። ቁልቁለቱ የሰጠውን ፍጥነት ይዞ ካለፈ ሰዓት ሠሪውን ይበልጠዋል፤ ዋንጫዋ የእሱ ናት። መታጠፊያው ላይ ከቆመ ደግሞ እዚያው ቆሞ ቀረ። መኪናዋ እየፈጠነች ወረደች። ነጥቧ ወንበር ሆነች፣ ወንበሩ ላይ ሰው ታየ፣ ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ቦርሳ አስቀምጣለች። ጠብታ ሁለት ዓመቱን አሰበ። የሰዓት ሠሪውን መስኮት አሰበ። ከዚያ ሽቶዋን አሰበ።

«ኤዲያ! ዋንጫው ገደል ይግባ!» አለና ፍሬኑን ረገጠ።

ፍሬኑ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናዋ ግን ምንም አልተሰማትም። እንደገና ረገጠ። አሁንም ባዶ። ያኔ ነው ሽሽታዋ፣ ያላላው ሸራ፣ በዝምታ የሚዞረው ጎማ ትዝ ያለው። እጁን ወደ እጅ ፍሬኑ ሰደደ፤ የጨበጠው የወተፈውን ጨርቅ ነው። ክላክስ ላድርግላት ብሎ የመሪውን መሀል ደበደበ፤ ክላክሱ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመስኮት ልጩህ ቢል መስኮቱ ፕላስቲክ ነው፣ በብሎን ተጠርቅሟል፤ «ልቆም ነው! ልቆም ነው!» እያለ ሲጮህ ትንፋሹ ፕላስቲኩን አደበዘዘው። በሩን ልክፈት ቢል ሲባጎው ተቋጥሯል።

ባለቤቱ መኪናዋ ወደ እሷ ስትመጣ ባየች ጊዜ ብድግ ብላ ነበር። ቦርሳዋን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ተራምዳለች፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ገበያው ጊዜ፣ ዘላ ልትገባ። አማት ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ውይ ልጄን! እይዋት!» ብለው በሁለት እጃቸው እያውለበለቡ፣ እየሳቁ፣ በፊቷ አለፉ። ጠብታም አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ አብሮ አለፈ።

በመኪናዋ የኋላ መመልከቻ መስተዋት ያየው ነገር አንጀቱን ቆረጠው። ባለቤቱ አልጮኸችም፣ ድንጋይም አልወረወረችም። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቁሚ!» አለ ጠብታ። «ቁሚ አንቺ!»

«አንቺ?» አሉ አማት ደንግጠው። «እኔን ነው አንቺ የምትለኝ?»

«መኪናዋን ነው እማማ! መኪናዋን ነው!»

መኪናዋ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አትቁሚ ተብላ የተማረች ናት፤ ዛሬ ቁሚ ቢሏት ከየት ትስማ? ኩሽኔታው እንደ ቅቤ ተንሸራተተ፣ ጎማዎቹ እንደ ድንጋይ ጠጠሩ፣ ሁሉም ነገር እንዳሰበው ሠራ። ወፍጮ ቤቱ አለፈ። ሰዓት ሠሪው አለፈ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሰዉ አጨበጨበ። ጠብታ ወደ ዳር አውጥቶ በሣሩ ላይ ሊያስኬዳት ሞከረ፤ በሣሩም ሄደች። ተመልሶ አስፋልት ገባ። ይለምናታል፣ ይረግማታል፣ እሷ እቴ! ከዚህ በፊት ማንም ያልደረሰበት አንድ የብረት በር ፊት ለፊት ስትደርስ ነው፣ ደከመኝ ሳትል፣ ቀስ ብላ የቆመችው።

ሊቀመንበሩ ዋንጫዋን ይዘው ከኋላ ደረሱ። «በማኅበራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ርቀት...» ብለው ንግግር ሲጀምሩ፣ ጠብታ ሲባጎውን በጥርሱ በጥሶ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው። ዋንጫዋን ተቀብሎ ለአማቱ አስታቀፋቸውና በመጣበት መንገድ ሮጠ። ሩጫ ከተባለ ነው፤ ጉልበቱ የቧንቧ ሠራተኛ ጉልበት ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ተንበርክኮበታል።

ባለቤቱ እዚያው ነበረች፤ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ፍሬኑ አልያዘም» አላት፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«እሺ።»

«እውነቴን ነው! ልቆም ነበር! ረግጬዋለሁ እኮ!»

«ሰው አላጨበጨበልህም?» አለች፤ እያየችው አይደለም። «ሂድ ዋንጫህን ተቀበል። እናቴን እንኳ እያሳቅክ ነበር።»

ጠብታ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከር ነበር። አሁን ግን የሚከራከርበት ትንፋሽ አልነበረውም። «ተነሺ እስቲ» አላት። ስትነሳ ወንበሩን አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገውና፣ «ነይ፤ ራስሽ ርገጪው» ብሎ መንገድ ጀመረ። በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ በሰዓት ሠሪው በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ የሁለት ዓመት ጠላቱን በአናቱ ተሸክሞ አለፈ። እሷም ቦርሳዋን ይዛ፣ ራቅ ብላ፣ ከኋላው ተከተለችው። ወንበሩ ከባድ ነበር። ግምቱ ትክክል ነበር።

መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ባለቤቱ ከመሪው ኋላ ገባችና ፍሬኑን ረገጠች። እግሯ ወለሉ ላይ አረፈ። አነሳችው፣ ደግማ ረገጠች፣ ደግማም ወለሉ ላይ አረፈ። ዘወር ብላ ጨርቁን አየች። የመሪውን መሀል ጫን አለችው፤ ጭጭ። የተበጠሰውን ሲባጎ አየች። የባሏ ትንፋሽ ያደበዘዘውን ፕላስቲክ አየች። ፕላስቲኩ ላይ፣ እየጮኸ ሲገፋው የታተመ፣ የአፍንጫው ቅርጽ አለ።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጠብታ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ከዚያ ግን ሳቋ ፈነዳ፤ መሪውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አማትም ለምን እንደሆነ ባያውቁም ዋንጫቸውን አቅፈው አብረው ሳቁ።

ሳቋን ስትጨርስ ቀና አለች። «ቆይ ቆይ። በዚህች ነገር ነው እናቴን ያን ቁልቁለት ያወረድካት?»

ጠብታ ይህን ገና አላሰበበትም ነበር። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ የወረደበትን ስድብ መጻፍ አይቻልም፤ በደህና ሚስት አፍ የሚሰደብ ስድብ ነው፣ ከአባት እስከ አያት። ጠብታ ግን አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ልቡ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ምሳ ቀርቧል»ን ሲሰማ ለሰነበተ ሰው ስድብ ትልቅ ነገር ነው።

ደክሟት ስታበቃ ቦርሳዋን ከፍታ አራቱን ብሎኖች አንድ ባንድ መዳፉ ላይ ቆጥራ አስቀመጠችለት።

በርጩማው ከአማት ጋር ወደ ኋላ ሄደ፤ ወንበሩ ቦታው ገባ። መፍቻ እንዳይባል የኪሱ መፍቻ እንኳ ለክብደት ሲባል ቤት ቀርቷል፤ ስለዚህ ብሎኖቹን በጣቱ አጠበቃቸው፣ ጣቱ እስኪላጥ ድረስ። ሊቀመንበሩ ገመድ ይዘው መጡና፣ «በእኔ መኪና ልጎትታችሁ» አሉ።

«ፍሬን የላትም፤ ቂጥዎን ነው የምትገጭዎት» አለች ባለቤቱ። ጋቢናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። «ይገፋታል።»

ጠብታ በሾፌሩ በር በኩል ቆሞ፣ ባንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በትከሻው መኪናዋን ገፋ። አቤት ስትሄድ! ኩሽኔታዋ ምን ያህል እንደለሰለሰ ያኔ ነው ያወቀው። ሰዓት ሠሪው ጋ ሲደርሱ ሰውዬው ከሱቁ ብቅ እንደሚለው ብቅ አለና፣ «ጠብታ፣ ዘንድሮስ?» ሊል አፉን ከፍቶ፣ የሚገፋውን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ከኋላ አማት ዋንጫዋን በካፖርታቸው እየወለወሉ፣ «ይህን ያህል መንገድ ሄደን አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልፈጀችም እኮ! አንተ ልጅ፣ እጅህ የተባረከ ነው» ይላሉ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከቤታቸው በር በፊት አንዲት ትንሽ ዳገት አለች። ድሮ በሞተር ሲወጣት ዳገት መሆኗንም አያውቅም ነበር። አጋማሿ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አለቀ፤ እግሩ ተንሸራተተ፣ ትከሻውን አዙሮ መልሶ ደገፋት። ባለቤቱ ከወንበሯ ላይ አንገቷን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ተመለከተችው። ሽቶዋ ሸተተው።

«ከበድኩህ?» አለችው።

ጠብታ በዚህ ጊዜ አልደመረም። «በጣም!» አለ።

«እሰይ» አለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ተደላድላ ተቀመጠች። «ግፋ።»